ጦም ያደሩ ክፍሎች

አያ ዋልልኝ በሐምሌ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ጓጉንቸር ሊገዙ ከቤታቸው ወጡ። ጓጉንቸሩ የተፈለገው ለበር አልነበረም፤ ለውኃ ቧንቧ ነበር።

እኒህ ሰው ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ፣ በጭቃ የተመረጉ ስድስት የኪራይ ክፍሎች አሏቸው። በጉልምስናቸው ከእብናት እህል እየጫኑ ሲነግዱ ባገኙት ትርፍ የሠሯቸው ናቸው። ዕድሜ ሲጫናቸው ንግዱን ትተው በቤት ኪራይ መተዳደር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በነዚህ ዓመታት ከተከራይ ጋር ሳይጣሉ ያለፉት ወር ቢኖር ጳጉሜን ብቻ ነው፤ እሱም አጭር ስለሆነ። ጠበኛ ሰው ሆነው ግን አይደለም። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ በሰንበቴ ማኅበራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን ቤት ማከራየትን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ውለታ ያዩት ነበር፤ ውለታ የዋለ ሰው ደግሞ ምስጋና እንጂ አቤቱታ መስማት አይወድም።

ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ከምትሸጠው ከዙለይካ ሱቅ ሲደርሱ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት አንዲት ሴት ቆማ በትልቅ ጥቁር የውኃ ሮቶ ዋጋ ስትከራከር አገኙ።

«ዙለይካ፣ ጠንካራ ጓጉንቸር አምጭልኝ፤ በድንጋይ ቢቀጠቅጡት የማይበገር» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

«ምነው አያ፣ ሌባ ገባብዎት?»

«ሌባማ አንድ ቀን ሰርቆ ይሄዳል። ተከራዮቼ ናቸው እንጂ! ውኃውን እንደ ዓባይ ለቀቁት። ከነገ ጀምሮ ቧንቧውን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ እኔው ራሴ እከፍታለሁ።»

ዙለይካ ሳቀች። «የዛሬውስ ጉድ ነው! ይቺም እንዳንቱ አከራይ ናት። አንቱ ለተከራይ ውኃ መዝጊያ ሊገዙ መጡ፣ እሷ ለተከራይ ውኃ ማጠራቀሚያ ትገዛለች።»

አያ ዋልልኝ ወደ ሴቲቱ ዞረው አስተዋሏት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የንብረት ልጅ ነኝ፤ የእብናቱ። ሠናይት እባላለሁ።»

«የንብረት? የማሽላ ነጋዴው?» የሽማግሌው ፊት ፈካ። «አባትሽ እኮ ቁናውን ሞልቶ፣ በላዩ ደግሞ ቆልሎ የሚሰፍር ሰው ነበር! እኔ ገበያውን ሁሉ አልፌ ከሱ ነበር የምገዛ። አንቺ ዓረብ አገር ሄደች ሲባል ነበር የሰማሁ።»

«ስምንት ዓመት ኩዌት ሠርቼ ተመለስሁ። ባጠራቀምኋት ገንዘብ እዚሁ አንድ አሮጌ ግቢ ገዝቼ፣ አድሼ አከራያለሁ።»

ይህን ስትል ሰማዩ ከጉና በኩል አጉረመረመና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። መውጣት አልተቻለም። ዙለይካ ሁለት ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠቻቸው። ክርክሩም እዚያው ተጀመረ።

«ልጄ፣ በአባትሽ ወዳጅነት ልምከርሽ» አሉ አያ ዋልልኝ። «ተከራይን ባቀማጠልሽው ቁጥር ይበላሻል። ዛሬ ሮቶ ያልሽው ነገ ቴሌቪዥን ይልሻል። ቤቱ የኔ፣ ግድግዳው የኔ፤ የተስማማው ይኖራል፣ ያልተስማማው ይወጣል። እኔ በዚህ ነው የኖርሁ።»

«እውነት ነው፣ ቤቱ የአንቱ ነው» አለች ሠናይት በትሕትና። «አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስንት ክፍል አለዎ?»

«ስድስት።»

«ስንቱ ሰው አለበት?»

አያ ዋልልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሦስቱ። ሦስቱን ግን ሆን ብዬ ነው ባዶ የተውኋቸው። ዋጋ ጨምሬ፣ የሚችል ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። መሬትም እኮ ጦም ሲያድር ይወፍራል።»

«መሬት ጦም ሲያድር ይወፍራል አያ። ቤት ጦም ሲያድር ግን የሚወፍረው አይጥ ነው።»

ዙለይካ ከመደርደሪያው ኋላ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሠናይት ግን ሳትስቅ ቀጠለች።

«ለመሆኑ ስንት ጨመሩ?»

«በሺህ አምስት መቶው ላይ ሁለት መቶ ብር። ምን አላት?»

«ከዚያ ወዲህ ስንት ወር ባዶ ቆዩ?»

«አንዱ ሁለት ወር ነው። ሌሎቹ... አራትም አምስትም ይሆናቸዋል።»

«እሺ፣ ሁለት ወር የቆየውን ብቻ እንውሰድ። ሦስት ሺህ ብር ቀረብዎ። ነገ ጠዋት በአዲሱ ዋጋ የሚገባ ሰው ቢገኝ እንኳ፣ ያንን ሦስት ሺህ በወር ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ እያሉ ለመመለስ አሥራ አምስት ወር ይፈጃል። ዓመት ከሩብ ማለት ነው። ያውም ሰው ከተገኘ!»

አያ ዋልልኝ የኖሩ ነጋዴ ናቸውና ሒሳብ አይጠፋባቸውም። በጣታቸው አንጓ ቆጠሩት፤ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን ይበልጥ አናደዳቸው። ሰው ያላሰበውን እውነት ከልጅ አፍ ሲሰማ አስቀድሞ የሚደርሰው ንዴት ነው፤ ማመን እግሩ ከባድ ስለሆነ ከኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል።

«ለዚህም መላ አለኝ» አሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው። «ዓለምነው የሚባል ደላላ አለ። ባሕር ዛፌን በሙሉ ሽጬ፣ የጎደለውን ከአራጣ አበዳሪ አስወስዶኝ፣ ሦስት አዲስ ክፍል ልጨምር ነው። ዘጠኝ ክፍል ሲኖረኝ የስድስቱ ጉዳት ይካካሳል።»

«ስድስቱ ሳይሞሉ ዘጠኙ በምን ይሞላሉ አያ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ክፍሉ ባዶ ነው ቢሉት አበዳሪ አይታገሥም፤ ወሩን ቆጥሮ ይመጣል። ያለውን መጠገን ይቅደም ባይ ነኝ።»

«ይሄ ከኩዌት ያመጣሽው ትምህርት ነው?»

«ኧረ የአባቴ ነው። ገበያውን ሁሉ አልፈው ለምን ከሱ ይገዙ ነበር?»

«ቆልሎ ስለሚሰፍር ነዋ!»

«ተከራይም ቆልሎ ወደሚሰፍርለት ነው የሚሄደው።»

ዝናቡ አባራ። አያ ዋልልኝ የጓጉንቸሩን ከፍለው «በይ የአባትሽን ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበር» ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ቧንቧው ተቆለፈ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሕይወት የአያ ዋልልኝን በር አንኳኳች።

ሕይወት ነርስ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ስትከራይ የወሩን ኪራይ አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም። ከዚህም በላይ፣ እግዚአብሔር ልጅ ላልሰጣቸው ለአያ ዋልልኝና ለባለቤታቸው ለእትዬ አበበች እንደ ልጅ ሆና፣ የእትዬ አበበችን ደም ግፊት በየሁለት ቀኑ እየለካች፣ የመድኃኒታቸውን ሰዓት እያስታወሰች የኖረች ናት።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እለቃለሁ።»

«ምነው? ምን አጠፋን?»

«ሰሞኑን ከሥራ በመጣሁ ቁጥር ቧንቧው ተቆልፎ አገኘዋለሁ። ስንት በሽተኛ የነካሁበትን እጅ ሳልታጠብ እንዴት አድርጌ የእትዬን እጅ ልያዝ? ሌላ ቤት አግኝቻለሁ።»

እትዬ አበበች ከጓዳ ሆነው ሰሙ። ሕይወት ወጥታ ስትሄድ ወደ ባላቸው መጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«በአንቱ ነገር ገብቼ አላውቅም» አሉ። «ቆርቆሮው ሲያፈስ ዝም አልሁ። የተከራዩን መብራት በሦስት ሰዓት ሲያጠፉ ዝም አልሁ። ይቺ ልጅ በውኃ ምክንያት ከወጣች ግን እኔም ውኃ ወዳለበት እሄዳለሁ።»

በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ አያ ዋልልኝ ሚስታቸው ይህን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ሲናገሩ ሰምተው አያውቁም። ንዴታቸውን ግን ወደ ውጭ አዞሩት። «ማነው ተከራዬን ያስኮበለለ?» ብለው ከዘራቸውን ይዘው የአዲሱን ቤት ቦታ እየጠየቁ ቁልቁል ወረዱ።

የተነገራቸው ግቢ ሲደርሱ አንዲት ሴት መሰላል ላይ ቆማ የቤቱን አሸንዳ ስትጠርግ አዩ። ቀና ብለው ቢመለከቱ ሠናይት ናት።

«የንብረት ልጅ!» ብለው ከታች ጮኹ። «አባትሽ እህል ሰፈረ እንጂ ሰው አልሰረቀ!»

ሠናይት በድንጋጤ ወረደች። «ምን አጠፋሁ አያ?»

«ሕይወትን ከቤቴ አስወጣሽ።»

«ነርሷን? የአንቱ ተከራይ መሆኗን የት አውቄ! ደግሞስ እኔ የቀድሞ አከራዩን ሳልጠይቅ ሰው አላስገባም። ነገ የሷን ልጠይቅ ነበር።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «እንግዲህ እግርዎ አመጣዎ። እንዴት ያለች ተከራይ ናት?»

አያ ዋልልኝ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩ ሕይወት ይህን ቤት እንደማታገኝ፣ ምናልባትም እዚያው እሳቸው ዘንድ እንደምትቀር ገባቸው። «ትረብሻለች» ማለት ይበቃል። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣ። የእትዬ አበበች ፊት ታያቸው፤ የሕይወት እጅ የሚስታቸውን ክንድ ይዞ ደም ግፊት ሲለካ ታያቸው። ቃሉን ዋጡት።

«ወርቅ ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አራት ዓመት ክፉ አይቼባት አላውቅም። ክፉው እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

ሠናይት ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አያ፣ የኔ ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ለማንም አይሰጥም፤ መምረጥ የሷ ነው። ግን ይግቡ፣ ቤቱን ይዩት። ከዚያ የፈለጉትን ይስደቡኝ።»

ገቡ። ወለሉ ሊሾ ነው፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ ሽንት ቤቱ በር አለው፣ በሩም ከውስጥ ይዘጋል። አያ ዋልልኝ ግድግዳውን በከዘራቸው ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ተዘዋወሩ።

«ይህን ሁሉ ስታውቂ ነው የተወለድሽ?» አሉ በምፀት።

«ተቃጥዬ ነው የተማርሁት። ግቢውን ስገዛ ሻጩ ይቸኩል ነበር፤ ወንድሜ ይዞኝ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ካርታው የራሱ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራን። ያን በመድኃኔ ዓለም ቸርነት አልዘለልሁትም። የዘለልሁት ሌላ ነው። አንዱን ክፍል ለዘመዴ በቃል ሰጠሁት። እኖርበታለሁ ብሎ ጥሬ ቆዳ አከማቸበት! ሽታው ጎረቤቱን አባረረ፤ ግድግዳው በጨው ተላጠ። ውጣ ስለው፣ ‹ለመኖሪያ ብቻ ነው ብለን መቼ ተባባልን?› አለኝ። ማስረጃ የለኝ። ስድስት ወር አለቀስሁ።»

«ቢሆንም ውል ደስ አይልም። አላመንሁህም ማለት ነው። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ነው የሚታሰር።»

«እትዬን ሲያገቡ ሰማንያ አልፈረሙም?»

«ፈርሜያለሁ እንጂ! በሽማግሌ ፊት!»

«ታዲያ ለሚወዷት ሚስትዎ ፈርመው፣ ለማያውቁት መንገደኛ በቃል?»

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ። የሳቀ ሰው ደግሞ ጆሮው ይከፈታል፤ ከዚህ በኋላ ይጠይቁ የነበሩት ለመርታት ሳይሆን ለማወቅ ነበር።

«እሺ፣ ማንን ታስገቢያለሽ? እኔ ባለ ልጅ አላስገባም፤ አንዴ አስገብቼ ግድግዳውን በከሰል ሥዕል ሞሉብኝ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ! ሌላው ባለ ልጅ ምን በደለ? እኔ የምጠይቀው የሚተዳደርበትን ሥራና የነበረበትን ቤት ነው እንጂ የልጆቹን ቁጥር አይደለም። ባለ ልጅ እኮ ልጁን ትምህርት ቤት ካስገባ በየሁለት ወሩ ጓዙን አይጭንም። ለከሰሉ ደግሞ ሲገባ የአንድ ወር መያዣ ይሰጠኛል፤ ያበላሸው ነገር ከሌለ ሲወጣ ሳልሸራርፍ እመልስለታለሁ። መመለሱ ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«ማደሻውስ? ሊሾው፣ ሮቶው፣ ቀለሙ ከየት ይመጣል? ኪራዩ እንደሆነ በልቼው ያልቃል።»

«ገበሬ ከምርቱ ለዘር ሳያስቀር ይበላል?»

«ዘሩን የሚበላ ገበሬ እብድ ነው።»

«ኪራይም ዘር አለው። እኔ ከአሥር አንዱን እጄ አይነካውም፤ ለሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ለተሰበረ ቧንቧ፣ ክፍሉ ባዶ ለሚሆንበት ወር ይቀመጣል። የመንግሥትንም ግብር ቢሮው ሄጄ ጠይቄ አስቀድሜ እለያለሁ። የኔ ትርፍ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።»

«ለቤተ ክርስቲያን አሥራት፣ ለቤቱም አሥራት በይኛ!» አሉ አያ ዋልልኝ፤ አሁን በእውነት ደስ ብሏቸው።

እየተጨዋወቱ ወደ ጓሮ ዞሩ። እዚያ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆም አሉ። የኋላው ግድግዳ ቀለሙ ከሥሩ ተነቅሎ አብጧል።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«እሱን እንኳ ተዉት» አለች ሠናይት አፍራ። «ሁለት ጊዜ አስቀባሁት፤ ሁለቴም ተላጠ። ቀለሙ ደኅና አይደለም መሰለኝ።»

«ቀለሙ ምን አጠፋ! ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ እኮ መሠረቱ ሥር ነው የሚተኛ።» ከዘራቸውን እንደ ማረሻ መሬቱ ላይ እየጎተቱ መስመር አሰመሩ። «እዚህ ላይ፣ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ርቀሽ፣ ቦይ አስቆፍሪ። ድንጋይ ደርድሪበት። ውኃው ወደ መንገዱ ይውረድ። ግድግዳው አንድ በጋ ይድረቅ፤ ቀለም ከዚያ ወዲያ።»

ሠናይት አፏን ይዛ ቀረች። «ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ ማንም አልነገረኝ! ሁለት ዓመት ያስጨነቀኝን በከዘራ ጫፍ ፈቱት!»

አያ ዋልልኝ ቀና አሉ። የሚያውቁት ነገር እንዳለ፣ ዕድሜያቸውም ከንቱ እንዳልሆነ ሲታያቸው፣ የማያውቁትን መቀበል ቀለላቸው። ተመካሪ የሚሰማው ክብሩ ሳይነካ ሲቀር ነው፤ ይህን የማያውቅ መካሪ ስንት ደግ ሐሳብ በከንቱ ያፈስሳል!

«በይ አሁን ምን ላድርግ?» አሏት በሩ ላይ ሲደርሱ።

«ሕይወትን ምን ጎደለሽ ብለው ይጠይቋት።»

ይህ ግን ከሁሉ የከበደ ነገር ነበር። ቤታቸው ተመልሰው ከወዲያ ወዲህ ሲሉ እትዬ አበበች አዩዋቸው። «እኔ ዋልልኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ ተከራይ ምን ጎደለሽ ብዬ ልጠይቅ?» አሉ።

«በግ ቢታመምብዎ ምን ነካው ብለው ይጠይቁ የለም ወይ?» አሉ እትዬ አበበች። «ለሰው ሲሆን ምን ያዋርዳል?»

ሄዱ። በቀጥታ በሩን ገፍተው ሊገቡ ሲሉ ሕይወት ከውስጥ ወጣችና ደጃፉ ላይ ተገናኙ።

«ልጄ፣ ምን ጎደለሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«ውኃውን በጀሪካን አስቀድቼም ቢሆን እችለው ነበር አያ። መብራቱንም ለምጄዋለሁ። የሚከብደኝ... ሳያንኳኩ መግባትዎ ነው።»

አያ ዋልልኝ ይህን አልጠበቁም። «እኔ እኮ እንደ ልጄ አይቼሽ ነው!»

«አውቃለሁ። የአባት ልብ ይዘው ነው የሚገቡ። ግን አባትም ልጁ ስታድግ ያንኳኳል።»

ሽማግሌው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ጓጉንቸሩን ፈቱ፤ የአሮጌ ብረት ማጠራቀሚያ ጆንያ ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ወደ ሕይወት ክፍል ተመለሱ፤ በሩ ክፍት ቢሆንም በከዘራቸው እጀታ ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

«ይግቡ» አለች ሕይወት እየሳቀች።

«አልገባም። ማንኳኳቱን ልለማመድ ብዬ ነው» ብለው እሳቸውም ሳቁ። የወሩ መጨረሻ ደርሶ አለፈ፤ ሕይወት ጓዟን አልጫነችም። ሠናይትም ክፍሏን ለሌላ ሰው አከራየች።

በነሐሴ መጀመሪያ ደላላው ዓለምነው የዛፍ ገዢ ይዞ ከተፍ አለ።

«አያ፣ ሰውየው ብሩን ይዞ መጥቷል። አበዳሪውም ተዘጋጅቷል። መስከረም ሲጠባ ዘጠኝ ክፍል!»

«ዓለምነው፣ ዘጠኝ ባዶ ክፍል ምን ያደርግልኛል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መጀመሪያ ስድስቱን ልሙላ። ዛፉን በሙሉ አልሸጥም፤ ሠላሳ ግንድ ብቻ ይቆረጣል፤ በሱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ እገዛለሁ። የቀረው ባሕር ዛፍ የኔና የአበበች ጡረታ ነው፤ ቆሞ ያድጋል።»

«ይህን ዕድል ሁለተኛ አያገኙትም!»

«ዛሬውኑ ካልሆነ የሚያመልጥ ዕድል፣ ስሙ ዕድል አይደለም ወዳጄ፤ ወጥመድ ነው» አሉና ጠላ ጋብዘው በሰላም ሸኙት።

ክረምቱ እንዳበቃ ሥራ ተጀመረ። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀየረ፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ፣ ሽንት ቤቱ በርና መዝጊያ አገኘ፣ አንድ ሮቶም ከዙለይካ ሱቅ በጋሪ መጣ። ኪራዩ ወደ ድሮው ዋጋ ተመለሰ። በጥቅምት ሁለት መምህራን ገቡ። ሦስተኛውን ክፍል አንድ ልብስ ሰፊ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ጠየቀ። አያ ዋልልኝ የልጆቹን ቁጥር ሰምተው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ነገር ግን የቀድሞ አከራዩን ሄደው ጠየቁ፤ መልካም ሰው መሆኑ ተመሰከረለት። ውሉን መነጽራቸውን አድርገው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡለት፤ ሁለቱም ፈረሙ፤ የተፈረመው ይመዝገብ ብለውም ወደ ቀበሌ ወሰዱት። ከሳምንት በኋላ የልብስ ሰፊው ትንሿ ልጅ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ጢማቸውን ስትቆጥር እትዬ አበበች አዩ፤ ፈገግ ብለው አለፉ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሕይወት ወደ ባሕር ዳር ዝውውር አገኘች። የምትሄድበት ቀን የእትዬ አበበች ወንድም አቶ ይሻው ከአንበሳሜ መጥተው ነበር። ይሻው ከብት ሸጠው የኪራይ ቤት ለመሥራት አስበው፣ ምክር ፈልገው ነው የመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ግቢው ውስጥ የሕይወት ዕቃ ሲጫን ያያሉ።

«ተከራይ ሲወጣብህ አትደነግጥም?» አሉ ይሻው።

«ድሮ እደነግጥ ነበር። ዛሬ ግን ክፍሉ ጦም አያድርም፤ ሕይወት ራሷ የሥራ ጓደኛዋን አምጥታ ተክታለች። ደላላም አልከፈልሁ። ውል ስንጽፍ የሰጠችኝን መያዣ ሳልሸራርፍ መልሼላታለሁ፤ እሷ ባሕር ዳር ሄዳ የኔን ቤት ስም በደግ ታነሣዋለች።»

«እኔ ግን ስንት ክፍል ልሥራ?»

«አትቸኩል። የምትሠራበትን ቦታ ወረቀት አጣራ። በአራጣ አትግባ። ከብቱን ሁሉ ባንዴ አትሽጥ፤ ሁለት ክፍል ሠርተህ፣ ሞልተህ፣ ሦስተኛውን ከኪራዩ ሥራ። ዋጋህ ከጎረቤትህ አይራቅ። የማደሻውን አሥራት አትንካ። የምትዋዋለውን ጻፍ፤ የተጻፈ ነገር ጠብ አይወልድም። እኔ እንግዲህ ውል መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ከተከራይ ጋር አንድ ቀን ተካስሼ አላውቅም፤ ስድስቱም ክፍሎች ሙሉ ናቸው፤ ባሕር ዛፌ ቆሟል፤ እኅትህም ደም ግፊቷ ወርዷል። ከሁሉም ደግሞ ቤትህ የሚኖሩት ሰዎች እንግዶች እንዳልሆኑ አስብ፤ ኑሯቸውን አደራ የሰጡህ ናቸው።»

ይሻው በመደነቅ አዩዋቸው። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?»

«አንዲት የእብናት ልጅ፣ ከነርሷ ጋር ሆና። እኔም ስለ ጎርፍ አንድ ነገር አስተምሬያታለሁ» አሉ አያ ዋልልኝ፣ ድርሻቸውን ሳይረሱ።

ንብረት ያለው ሰው ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። ቤትን ሠርቶ መቆለፍ ቀላል ነው፤ ሰው ወዶ የሚገባበት፣ በሰላም የሚኖርበት፣ በምርቃት የሚወጣበት ማድረግ ግን ጥበብ ይጠይቃል። ጥበቡ ከያዘ ትርፉ ለአከራዩም ለተከራዩም ይደርሳል፤ የአንዱ መጥገብ የሌላውን መራብ አይሻም።

መኪናው ሊነሣ ሆነ። እትዬ አበበች ሕይወትን አቅፈው አልለቅ አሉ። ሕይወት እያለቀሰች ወደ በረንዳው መጣች፤ የአያ ዋልልኝን ጉልበት ሳመች። እሳቸውም «ሂጂ ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል ይከተልሽ» ብለው ግንባሯን ሳሙ። መኪናው ከበሩ ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ ዞር ሳይሉ ተመለከቱት።

«ዋልልኝ፣ ምነው? ታለቅሳለህ እንዴ?» አሉ ይሻው።

«ኧረ ወዲያ! በረንዳውን ቀለም አስቀብቼ ነው። አዲስ ቀለም ዓይን ያቃጥላል» አሉ አያ ዋልልኝ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን እየጠረጉ።

ቀለሙ ከደረቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።